«አርፌ ስመለስ ያው ነው»፦ የተረከዝ ጅማት ሕመም ላስቸገራት ሯጭ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 22 ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን ለአንድ ክለብ 10 ሺህ ሜትር እሮጣለሁ። በግራ እግሬ፣ ከተረከዜ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ጅማቱ ላይ ሕመም ከጀመረኝ ሰባት ወር ሆነኝ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እያነከስኩ ነው። ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል፤ ልምምድ ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ይብስብኛል። ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ፤ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት፣ ቀጥሎ ሦስት ሳምንት፣ በመጨረሻ አንድ ወር ሙሉ። ባረፍኩ ቁጥር ይጠፋል፤ ወደ ልምምድ ስመለስ ሳምንት ሳይሞላ ያው ነው። ወጌሻ ጋ ሄጄ «ጅማትሽ ዞሯል» ብሎ እስካለቅስ ድረስ አሸኝ። ክሊኒክ በአልትራሳውንድ ታይቼ «ጅማቱ ወፍሯል» የሚል ወረቀት ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ይበጠስብኛል እያልኩ ደረጃ መውረድ እንኳ እፈራለሁ። አሰልጣኜ «ኃይሌም ሲድኒ ላይ ያሸነፈው ጅማቱን እያመመው ነው» ይለኛል። ከ10 ሳምንት በኋላ የምርጫ ውድድር አለን፤ ካልሮጥኩ ውሌ ላይታደስልኝ ይችላል። ጓደኞቼ ከውድድሩ በፊት ጅማቱ ላይ መርፌ ተወጊ ይሉኛል። ልወጋ? ወይስ ዓመቱን ሙሉ ልረፍ? ወይስ ሩጫዬ አብቅቷል? ቸግሮኛል።»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሩጫሽ አላበቃም። መርፌውን አትወጊ። ዓመት ሙሉም አትረፊ። የ10 ሳምንቱን ውድድር ግን እንድትተዪው እመክርሻለሁ። ይህ የመጨረሻው ቃሌ እንደሚያስከፋሽ አውቃለሁ፤ ለምን እንዳልኩት እስክነግርሽ ድረስ ታገሺኝ።

እግርሽን በእጄ አልነካሁትም፤ ስለዚህ ባለሙያ አይቶ ማረጋገጥ አለበት። የጻፍሽው ሁሉ ግን ረጅም ርቀት ሯጮችን በብዛት ከሚያጠቃው ሕመም ጋር ይገጥማል። ከባትሽ ወርዶ ተረከዝሽ ላይ የሚተከለው ወፍራም ጅማት አኪሌስ ይባላል፤ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ እሱን የሚያህል ወፍራምና ጠንካራ የለም። ሕመሙ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ መሆኑ፣ ጠዋት ድርቅ ማለቱ፣ ሲሞቅ መልቀቁ፣ ከልምምድ በኋላ ተመልሶ መምጣቱ፣ አራቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ጅማቱ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ተቆጥቷል። ቦታውን ግን አሁኑኑ በሁለት ጣትሽ ቆንጠጥ አድርገሽ ፈትሺው። የሚያምሽ ከአጥንቱ በላይ ከሁለት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍል ከሆነ ከታች የምነግርሽ ሁሉ እንዳለ ይሠራልሻል። ጅማቱ አጥንቱ ላይ በተተከለበት ቦታ ከሆነ ግን ልዩነት አለው፤ ተረከዝን ከደረጃ ጠርዝ በታች ማውረድና ባትን መሳብ እዚያ ያለውን ሕመም ያባብሰዋል፤ ልምምዱ በደልዳላ መሬት ላይ ብቻ ይሆናል፤ ጫማ ውስጥም ተረከዝን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ነገር መጨመር ያሳርፋል።

ስለዚያ ወረቀት አንድ ነገር ልበልሽ። «ወፍሯል» የሚለው ቃል ይበጠሳል ማለት አይደለም። ምንም ሕመም የሌላቸውን ሯጮች በአልትራሳውንድ ብናያቸው ጅማታቸው ወፍሮ የምናገኛቸው ብዙ ናቸው፤ ሕመሙ ለቋቸው እንደ ልብ የሚሮጡ ሰዎችም ምስሉ ላይ ጅማታቸው እንደ ወፈረ ሊቀር ይችላል። የምንከታተለው እግርሽ የሚችለውን እንጂ ፎቶውን አይደለም። ደረጃ ውረጂ። ፍርሃቱ ራሱ እግርሽን እያዳከመው ነው፤ በግራሽ መርገጥ ስትሸሺ ባትሽ ይከሳል፤ የከሳ ባት ደግሞ ጅማቱን ብቻውን ያስቀረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዕረፍቱ ለምን ሦስት ጊዜ አታለለሽ?

ጅማት ሞላ ማለት ነው። ስትረግጪ ይለጠጣል፣ ስትነሺ ይወነጨፋል። ስትሮጪ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትሽን ክብደት ስድስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሸከማል። 50 ኪሎ ብትመዝኚ ሦስት ኩንታል ማለት ነው። በደቂቃ 180 እርምጃ ብትረግጪ፣ በአንድ ሰዓት ሩጫ ግራ እግርሽ ብቻ 5,400 ጊዜ ሦስት ሦስት ኩንታል ያነሣል። ይህን እንዲችል የሚያደርገው ጫና ራሱ ነው፤ ጅማት በሸክም ይጠነክራል፣ ሸክም ሲነሣለት ይላላል። ስታርፊ ሕመሙ የሚጠፋው የሚቆጣው ነገር ስለሌለ ነው። በዚያ አንድ ወር ግን ባትሽ ኃይሉን ያጣል፣ ጅማቱም እንደ ድሮው አይችልም። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ከቡድኑ ጋር ትወጫለሽ፤ ጓደኞችሽ ባሉበት ፍጥነት፣ ባሉበት ርቀት። ያው ሦስት ኩንታል ይጠብቅሻል፤ የሚሸከመው ግን ካለፈው ጊዜ የደከመ ነው። ስለዚህ አራተኛው ዕረፍትም እንደ ሦስቱ ያልቃል።

ይህን የምልሽ እኔም ተሳስቼ ስለተማርኩት ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እንዳንቺው ሕመም ይዞት የመጣ ወጣት ሯጭ ነበር። «ሁለት ወር እግርህን አትንካው» አልኩት። ታዛዥ ልጅ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ አልነካውም። ሲመለስ በሁለተኛው ሳምንት ያው ሕመም ያዘው፤ ደግሜ ዕረፍት አዘዝኩለት። ያን ዓመት ከክለቡ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሲሮጥ አላየሁትም። ማዘዝ የነበረብኝ ሥራ ነበር፤ እኔ ያዘዝኩለት መቀመጥ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

የጅማት ሕመም በሥራ እንደሚድን ዓለም ያወቀበት ታሪክ ደስ ይላል። ኡሜኦ በምትባል የስዊድን ከተማ ሆካን አልፍሬድሶን የሚባል የአጥንት ሐኪም ነበር፤ እሱም ሯጭ ነው፤ አኪሌሱን ይታመም ነበር። ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት አለቃውን ቢጠይቅ አለቃው እምቢ አለው። እንግዲያው ከተበጠሰ ቀዶ ሕክምናው ግዴታ ይሆናል ብሎ፣ እያመመው የደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዙን ወደ ታች እያወረደ ጅማቱን በሸክም ይቀጣው ጀመር። ጅማቱ ሳይበጠስ ዳነ። ከዚያ 1998 እ.ኤ.አ. ላይ ለረጅም ጊዜ የታመሙ 15 ሯጮችን በዚሁ መንገድ ለ12 ሳምንት አሠልጥኖ፣ ሁሉም ወደ ሩጫቸው መመለሳቸውን ጽፎ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሌሎች በቀን 180 ጊዜ ከመሥራት ይልቅ ከበድ ያለ ክብደት ይዞ በዝግታ፣ በሳምንት ሦስት ቀን መሥራት እኩል እንደሚያድንና ለመቀጠልም እንደሚቀል አሳይተዋል። እኔም የምሰጥሽ ይህን ሁለተኛውን ነው።

ከመጀመርሽ በፊት ራስሽን ለኪ። ግድግዳ በጣትሽ ጫፍ ብቻ ተደግፈሽ በአንድ እግርሽ ቁሚ፤ ጉልበትሽን ሳታጥፊ ተረከዝሽን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ አውርጂ። እስኪደክምሽ ቁጠሪ። መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ። ጤነኛ ሯጭ 25 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሠራል። የግራሽ ቁጥር ከቀኝሽ በብዙ ካነሰ (እንደሚያንስ እገምታለሁ) የሰባት ወሩ ምስጢር እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ከቀን ጋር ጻፊ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መንቀሳቀስ የሌለበትን ልምምድ ሥሪ። በሁለት እግርሽ ተረከዝሽን አንሥተሽ መሃል ላይ አቁሚውና 45 ሰከንድ ያዢ፤ ሁለት ደቂቃ ዕረፊ፤ አምስት ጊዜ ድገሚ። በየቀኑ። ሲቀልሽ በግራ እግርሽ ብቻ። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ሕመሙ ወዲያው ቀለል ሲልለት ይሰማዋል፤ ባይሰማሽም አትደንግጪ፣ ጅማቱ ለሚቀጥለው እየተዘጋጀ ነው።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከባዱ ሥራ ይመጣል፤ ልብሽን የምትጥዪበት እሱ ነው። የደረጃ ጠርዝ ላይ በእግርሽ ፊተኛ ክፍል ቆመሽ፣ ሦስት ሰከንድ እየቆጠርሽ ውጪ፣ ሦስት ሰከንድ እየቆጠርሽ ከጠርዙ በታች ውረጂ። አትቸኩዪ፤ ፍጥነቱ ሥራውን ከጅማቱ ላይ ይሰርቀዋል። መጀመሪያ በሁለት እግር 15 ጊዜ፣ አራት ዙር። ከዚያ በአንድ እግር። ከዚያ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ውኃ የተሞሉ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ጨምሪ፤ አራት ኪሎ ሆነልሽ። ክብደቱን በየሳምንቱ ስትጨምሪ ቁጥሩን ቀንሺ፤ 15 የነበረው 12፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 8፣ በመጨረሻ 6 ይሆናል፤ የመጨረሻዋ አንዷ በጭንቅ የምትወጣ መሆን አለባት። 20 ኪሎ ተሸክመሽ በአንድ እግር 6 ጊዜ ስትወጪ ራስሽ ትገረሚያለሽ። ጂም ካለ ደግሞ እሰየው።

ግማሹን ዙር ጉልበትሽን ትንሽ አጥፈሽ ሥሪው። ከሚታየው ባት ሥር የተኛ ሁለተኛ ጡንቻ አለ፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ሯጭን ወደፊት ከሚገፉት ጡንቻዎች አንደኛው ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ይህን የሚሠራ ሯጭ ብዙም አላይም፤ ያሳዝነኛል።

ከባዱን ሥራ በየቀኑ አትሥሪው። ጅማት ከከባድ ሸክም በኋላ መጀመሪያ ይፈርሳል፣ ቀጥሎ ይገነባል፤ በመጀመሪያው አንድ ቀን ወይም ቀን ተኩል የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል፤ የሚገነባው የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ነው። በየቀኑ የሚያደክመው ሰው ሁልጊዜ በፍርስራሹ ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሥሪ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሳንባሽንና ልብሽን በብስክሌት አድክሚ፤ እሑድ ዕረፊ።

«ሲያመኝስ?» ትዪኛለሽ። ሕመምን ከዜሮ እስከ 10 ቁጠሪው። እስከ ሦስት ድረስ የሚፈቀድ ነው፤ ጅማትሽን አይጎዳውም። ስዊድን ውስጥ በተደረገ ጥናት ታማሚዎቹ እስከ አምስት ድረስ እያመማቸው መሮጥና መዝለል ሳያቆሙ ልምምዳቸውን ሠርተው፣ ሩጫ ካቆሙት እኩል ድነዋል። እኔ ሦስት የምልሽ ሯጭ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የመናገር ልማድ ስላለው ነው። እውነተኛው ዳኛ ግን የማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርደሽ የምትረግጫቸው የመጀመሪያ አሥር እርምጃዎች ከትናንቱ ካልባሱ የትናንቱ ሥራ ልክ ነበር። ከባሱ በዝቷል፤ ክብደቱን ወይም ርቀቱን ቀንሺ፣ ሥራውን ግን አታቁሚ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ እንኳን የታመመ ጅማት ጤነኛውንም ያደርቃል፤ ስለዚህ የምታወዳድሪው ከትናንት ጠዋት ጋር ብቻ ይሁን።

ሩጫውንስ? ጨርሶ እንድታቆሚ አላዝሽም። የጥንካሬ ሥራ ባለብሽ ቀን ጠዋት፣ ሣር ወይም ለስላሳ መሬት ባለበት ሜዳ ላይ፣ እያወራሽ መሮጥ በምትችዪበት ፍጥነት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሩጪ፤ የጠዋቱ ዳኛ ከፈቀደ። ካልፈቀደ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያልሽ ጀምሪ። ዳገት ለጊዜው ተዪ፤ ሽቅብ ስትወጪ ተረከዝሽ ዝቅ ብሎ ጅማቱ ከልክ በላይ ይለጠጣል። ስፓይክም (ባለ ሹሉን የውድድር ጫማ) አታድርጊ፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ። በአንድ እግርሽ 20 ጊዜ ሳያምሽ መነሣት ስትችዪ ገመድ ዝላይ ጀምሪ፤ በሁለት እግር፣ ከዚያ በአንድ። ሞላው እንደገና መወንጨፍን የሚማረው እዚያ ላይ ነው። ከጥንካሬ ወደ ፍጥነት ልምምድ በቀጥታ የሚዘል ሯጭ ዝላዩን ካልሠራ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ወደኔ ይመጣል። ፍጥነት፣ ከዚያ ዳገት፣ በመጨረሻም ስፓይክ፤ በዚህ ቅደም ተከተል፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምሪ።

ስለ ወጌሻው። ወጌሻ በአገራችን ክብር ያለው ሙያ ነው፤ የኳስ ቡድን ፊዚዮቴራፒስቱን ሳይቀር ዛሬም «ወጌሻው» እንለዋለን። ማቃለል አልፈልግም። ግን ጅማት አይዞርም። የተቆጣ ጅማትን እስኪያስለቅስ ማሸት ደግሞ ቁጣውን ይጨምረዋል። ባትሽን፣ ሥጋውን፣ በቀስታ ቢያሽልሽ ግን ዘና ያደርግሻል፤ ጉዳት የለውም፤ ለጥቂት ሰዓታት ነው እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም። አደራ የምልሽ ስብራት ሲጠረጠር ነው። በጥብቅ ታስሮ ደም ተቋርጦበት እግሩ የተቆረጠ ልጅ በየሆስፒታሎቻችን ታይቷል። እንዲህ ያለ ነገር አንቺን ወይም ከጓደኞችሽ አንዷን ቢያጋጥም፣ ከመታሰሩ በፊት በራጅ ይታይ።

አሁን መርፌው። ጓደኞችሽ የሚሉሽ ኮርቲዞን ይመስለኛል። አዎ፣ ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ያጠፋዋል። ግን ጅማቱን ያዳክማል፤ ሕመም ባልተሰማው በተዳከመ ጅማት ላይ 10 ሺህ ሜትር መሮጥ ደግሞ ያ የምትፈሪውን መበጠስ በገዛ እጅ መጥራት ነው። ሌላም አለ። ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በማንኛውም ቦታ የሚወጋ ግሉኮኮርቲኮይድ (ኮርቲዞን የሚመደብበት የመድኃኒት ዓይነት) በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው ብሏል። ከውድድሩ ቀናት በፊት ተወግተሽ በሽንትሽ ቢገኝ «ለሕመም ነው» ማለት አያድንሽም፤ ቅጣቱ ከጅማቱ ሕመም ሊረዝም ይችላል። የሚወጋሽ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ተጠያቂዋ ግን አንቺው ነሽ። ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰድሽ በፊት የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንን ወይም የክለብሽን ሐኪም ጠይቂ። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ አልተከለከለም፤ እሱን እየዋጡ መሮጥ ግን የጠዋቱን ዳኛ አፉን መዝጋት ነው፤ ጨጓራንና ኩላሊትንም ይጎዳል፤ በተለይ ውኃ በጠማው ሰውነት።

ብዙ ሯጭ የማያውቀውን ደግሞ ልንገርሽ። ሆድ ሲታመም ወይም «ታይፎይድ ነው» ሲባል ከፋርማሲ ገዝተን የምንውጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ያ ሁላችንም «ሲፕሮ» የምንለው፣ ጅማትን የማሳመምና አልፎ አልፎም የመበጠስ ጠባይ አለው፤ በብዛት የሚያገኘውም ይኸንኑ አኪሌስን ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ 2008 እ.ኤ.አ. ላይ በማሸጊያው ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። ሕመምሽ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ወስደሽ እንደሆነ አስታውሺ። ወደፊትም ሐኪም ሲያዝልሽ «ሯጭ ነኝ፣ ጅማቴን ያመኛል» በዪው፤ ሌላ አማራጭ ካለ ይቀይርልሻል።

አሰልጣኝሽ ስለ ኃይሌ የሚነግሩሽ እውነት ነው፤ ግን ታሪኩን ከመሃል ነው የሚያቆሙት። ኃይሌ ገብረሥላሴ 2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ የታመመ አኪሌስ ይዞ ነው ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው። የዓለም ሁሉ ዓይን ያየው ያችን የመጨረሻ ዙር ነው። ከዚያ በኋላስ? ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ለወራት ከውድድር ራቀ፤ 2001 በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ላይ የለመደውን ወርቅ ሳያገኝ ሦስተኛ ወጣ። 2004 አቴንስ ላይ ያው አኪሌስ እንደገና አስቸግሮት አምስተኛ ሆነ፤ ወርቁን ቀነኒሳ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ግን 2007 በርሊን ላይ 2:04:26፣ በዓመቱ እዚያው 2:03:59 ሮጦ ሁለት ጊዜ የማራቶንን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሁለተኛውን በ35 ዓመቱ። ስለዚህ አሰልጣኝሽ የኃይሌን ነገር ሲያነሡ ሙሉውን ይቀበሉት፤ በታመመ ጅማት የሮጠ ሰው ዋጋ ከፍሏል፤ ጅማቱን ታክሞ የተመለሰውም እሱው ነው። አንቺ ደግሞ 22 ዓመትሽ ነው። በኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ ቆሞ የሚወስነውን ውሳኔ ለምርጫ ውድድር ብለሽ መወሰን የለብሽም።

የ10 ሳምንቱን ተዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ጅማት በእንዲህ ያለ ሥራ ቢያንስ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሰባት ወር የቆየ ደግሞ ስድስት ወር ድረስ ሊወስድ ይችላል። በስምንተኛው ሳምንት ጥሩ ስሜት ይሰማሻል፤ ትፈተኛለሽም። ያን ጊዜ ብትሮጪ አራተኛው ዙር ነው የሚሆነው።

የውሉ ነገር እንቅልፍ እንደሚነሣሽ ይገባኛል፤ ቤተሰብ የምትረጂም ከሆነ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። አሰልጣኝሽ ግን እስካሁን ያዩሽ «አመመኝ» ብለሽ ስትጠፊና ተመልሰሽ ስትመጪ ነው፤ በእሳቸው ቦታ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሰነፍ ብትመስዪ አይገርምም። አሁን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ መጥፋቴ አይደለም። ይኸው የ12 ሳምንት ፕሮግራሜ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይህን እሠራለሁ፣ በሌላው ቀን ብስክሌት አለኝ። በየሁለት ሳምንቱ የእግሬን ቁጥር አሳይዎታለሁ። ከፈቀዱልኝ ልምምድ ቦታ እየመጣሁ ከቡድኑ ጋር አሟሙቄ የራሴን እሠራለሁ።» አሰልጣኝ የሚጠላው ያልተጠበቀ ነገር ነው፤ ቁጥር እያየ የሚጠብቅ አሰልጣኝ ይታገሣል። የምርጫ ውድድሩን እንደማትሮጪም ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ በዘጠነኛው ሳምንት የሚሰማ ሰው ነው የሚቆጣው። የክለቡ ኃላፊ ከጠየቀም የባለሙያ ደብዳቤ ይኑርሽ።

ባለሙያውን በተመለከተ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ፊዚዮቴራፒስቶችን ሲያስመርቅ ቆይቷል፤ ተመራቂዎቹ በየክልሉ ሆስፒታሎች ይሠራሉ። ሪፈራል ሆስፒታል ሄደሽ ጠይቂ። የምትመርጪበት መለኪያ አንድ ነው፤ ተረከዝሽን አስነሥቶ ይቆጥራል ወይ? አስተኝቶ አሥር ቀን ማሽን ብቻ እየጫነ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ እየሰጠ የሚያስከፍልሽ ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ፤ ማሽን ባትሽን ሊያጠነክርልሽ አይችልም። መመላለሻ ከቸገረሽ በወር አንድ ጊዜ ሄዶ መለካትና ፕሮግራሙን ማስተካከል ይበቃል። ሥራውን የምትሠሪው ቤትሽ ደረጃ ላይ አንቺው ነሽ።

የምግብሽን ነገር አልጻፍሽም፤ ከሴት ሯጮች ጋር ስነጋገር ግን ሁልጊዜ የምጠይቀውን ልጠይቅሽ፤ የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል? ሦስት ወር ከቀረ ሰውነትሽ የሚበላው ከሚያቃጥለው አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ይህም አጥንትሽን ያሳሳል፣ ጅማትሽንም እንዳይጠግን ያደርገዋል። «እንኳን ቀረልኝ» የሚሉ ልጆች አሉ፤ እኔ ግን እደነግጣለሁ፤ ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነው። በጾም ወቅት ሥልጠና ካለብሽ ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስርና ባቄላው ይብዛ፣ ተልባና ሱፍም ይጨመር። በባዶ ሆድ ወጥተሽ እስከ ቀትር አትቆዪ፤ እንዴት እንደምታስታርቂው ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

ሆስፒታል ሳትውዪ ሳታድሪ የምትሄጂባቸውን ደግሞ ልብ በዪ። ከኋላ ሰው በድንጋይ የመታሽ ያህል ቷ ብሎ ተሰምቶሽ በዚያ እግር በጣቶችሽ መቆም ካቃተሽ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ታዪ። ባትሽ አብጦ፣ ግሎና ቀልቶ ከመጣም እንዲሁ። የቅልጥም ወይም የእግር አጥንት አንዲት ነጥብ ላይ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ደግሞ አጥንቱ ሊሰነጠቅ የደረሰ ሊሆን ይችላልና ሩጫውን በዚያው አቁሚ። ሁለቱም ተረከዞችሽ አብረው ከታመሙ፣ ጠዋትም ወገብሽ ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቆ የሚቆይ ከሆነ፣ የጅማት ሥራ ብቻውን የሚፈታው አይደለም፤ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ዛሬ ማታ ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁጠሪና የቀኝና የግራሽን ቁጥር ጻፊ። ከአራት ሳምንት በኋላ እንደገና ቆጥረሽ ሁለቱንም ላኪልኝ፤ ክብደቱ የት እንደ ደረሰና ጠዋቶቹ እንዴት እንደሆኑም ጨምሪበት። ከዚያ ተነሥቼ የሚቀጥለውን ወር ፕሮግራም እጽፍልሻለሁ።